ያልተገደበ ጥቅል ለአንድ ሰው

«አብዛኛውን ጊዜ የሚደውሉላቸው ስንት ሰዎች ናቸው?» አለችኝ ሲም ካርድ የምትሸጠው ልጅ።

ሞጣ ላይ አዲሱ ኔትወርክ በተከፈተበት ሱቅ ውስጥ ነን፤ እሷ ከባንኮኒው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ጥያቄዋ ክፋት የለበትም። የሚስማማኝን ጥቅል ልትመርጥልኝ ነው። እኔ ግን ክው አልኩ። የማስብ መስዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁና «አምስት ስድስት ይሆናሉ» አልኳት። ሰው ለሲም ሻጭ ይዋሻል? እኔ ዋሸሁ። የምደውልለት ሰው አንድ ነው፤ እሳቸውም አያነሱም።

እሳቸው አባቴ ናቸው፤ ቢቸና ይኖራሉ። ስልኬን የማያነሱት ተኳርፈን ሳይሆን ደንባችን ስለሆነ ነው። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቢቸና ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ስልክ በየኪሱ ሳይገባ በፊት፣ ሰው ተሰልፎ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ክፍል ገብቶ በሚያወራበት ዘመን መስመር የሚያገናኙት እሳቸው ናቸው። በዚያ ወንበር ላይ የሰሙት መርዶ ለቁጥር ይታክታል። ከሩቅ ተደውሎ «እከሌን አስጠሩልን» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ሰው አለ። «ሰው ለደስታ ብሎ ያን ያህል ወረፋ አይጠብቅም» ይላሉ። ስለዚህ አባባ ዘንድ የተነሳ ስልክ ማለት ክፉ ወሬ ነው።

እናቴ በሞተች በዓመቱ ሞጣ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ተመደብኩ። አባባ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝና ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመው ደንቡን ነገሩኝ። «ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ አንድ ጊዜ አስጮኸዋለሁ፤ እንዳታነሺው። አንቺም አንድ ጊዜ አስጩኺልኝ፤ እኔም አላነሳውም። ደህና ነን ማለት ነው። የሚነሳ ክፉ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው።» እሺ አልኩ። ያኔ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ አንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ዝም ይላል። እኔም መልሼ አስጮኻለሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት የሥራ ባልደረቦቼ ከዘመድ ጋር መገናኘት አቃተን ብለው ሲያለቃቅሱ፣ የእኔና የአባባ ነገር ምንም አልተጓደለበትም። ድምፃቸውን የምሰማው ለበዓል ስሄድ ነው። ያኔም ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ እሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይጫወታሉ፣ እኔ ሳስተናግድ እውላለሁ፣ በማግስቱ እመለሳለሁ።

ሞጣ ክፉ ከተማ አይደለችም። ጥፋቱ የእኔ ቦታ አለመኖር ነው። ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡት ባልደረቦቼ ከወለጋውም፣ ከወላይታውም፣ ከወሎውም ሆነው አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ፤ አብረው ያበስላሉ፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም በዓል አብረው ያከብራሉ። እኔን አይጠሩኝም። «አንቺማ አገርሽ ነው፣ ምን ቸገረሽ» ይሉኛል። የሞጣዎቹ ደግሞ ከሥራ ሲወጡ ወደ ዘመዶቻቸው፣ ወደ ዕድራቸው፣ ወደ ማኅበራቸው ይሄዳሉ። ቢቸና ለሞጣ ሰው አገር ይሁን እንጂ ቤት አይደለም። ለእንግዳ ቅርብ፣ ለባለአገር ሩቅ ሆኜ መሃል ላይ ቀረሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከገበያ መልስ የማናግረው ሰው ሳጣ፣ የገዛሁትን ሽንኩርት የምልጠው አንድ በአንድ ቀስ ብዬ ነው፣ ሥራው ቶሎ እንዳያልቅብኝ።

ኔትወርክ ቀይሪ ብላ የወተወተችኝ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ባልደረባዬ ናት። የተከራየሁበት ክፍል ውስጥ አሮጌው ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው በሩ ላይ ስቆም ነው፤ አዲሱ ግን አልጋዬ ድረስ ይገባል። ስልኬ ሁለት ሲም ይቀበላል ይባላል እንጂ ከወደቀብኝ ቀን ጀምሮ አንደኛው ማስገቢያ አይሠራም። ስለዚህ ወይ ይሄ ወይ ያ ነው። «ቁጥር መቀየር ከባድ ነው» አልኳት አንድ ቀን።

«ለማን ብለሽ ነው? ማን ይደውልልሻል?» ብላ ሳቀች።

ቀልዷን ነው፤ እኔም ሳቅሁላት። ሦስት ቀን ሙሉ ግን አኮረፍኳት። እሷ ማኩረፌንም ሳታውቅልኝ ሦስቱ ቀን አለፈ፤ እኔው ጀምሬ እኔው ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የጥቅሎቹን ዝርዝር ማንበብ ያዝኩ። ሰው ይህን ያህል የሚያነበው ለፈተና ሲቀመጥ ነው። የተማሪ ጥቅል አለ፤ ተማሪ አይደለሁም። የቤተሰብ ጥቅል አለ፤ ለብዙ ሰው ይካፈላል፣ የማካፍለው ሰው የለኝም። የዳታ ጥቅል አለ፤ ቪዲዮ ሳይ ማደር አልወድም። ሁሉንም አንብቤ የቆምኩት «ያልተገደበ የድምፅ ጥቅል» የሚለው ላይ ነው። ወደ ሁሉም ኔትወርክ ነው፣ ወር ሙሉ ነው። ያንን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ አንድ ሆነ። በአዘቦት ቀን፣ በዓል ሳይሆን፣ ሰው ሳይሞት፣ የአባባን ድምፅ መስማት ፈለግሁ። ምን በሉ፣ ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው፣ ዝናቡ ቢቸናም ጥሏል ወይ ብዬ መጠየቅ አማረኝ። እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት እዚያ ሱቅ ገብቼ አምስት ስድስት ሰው አለኝ ብዬ ዋሽቼ የወጣሁት ለዚህ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ አዲሱን ቁጥር ላደርስ ቢቸና ሄድኩ። በመንገድ ሁሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር፤ ከአሁን ወዲያ ደንቡ ይቅር፣ እናውራ ልላቸው ነው። አባባ ቁጥሩን ካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፉና ከአልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት። እንደ ድሮ ሥራቸው ሁለት ሁለቱን እየቆረጡ ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። «ትክክል ነው?» አሉ። «ትክክል ነው» አልኩ። ሌላው ነገር አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አባትን «ድምፅዎ ናፈቀኝ» ማለት እኛ ቤት አልተለመደም፤ አፈርኩ። እሑድ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት እንደ ደንቡ በአዲሱ ቁጥር አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ዝም አለ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንደዚያው። እጄን እዘረጋለሁ፣ እመልሳለሁ። ያልተገደበው ጥቅሌ ሳይነካ ሳምንቱ አለቀ።

በሁለተኛው ሰኞ አነሳሁት።

እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። «አባባ፣ ደህና ነኝ፣ ላጫውትዎት ብዬ ነው» ልል ነበር። «አባባ» ከሚለው አላለፍኩም። ሳላስበው እንባዬ ቀደመኝና ድምፄ ተቆረጠ። ከወዲያ «ውይ ልጄን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ነገር ሲወድቅ፣ ከዚያ ዝምታ።

መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ሦስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደወልኩ።  ሽማግሌ ሰው በድንጋጤ ይወድቃል፤ እኔው ነኝ የገደልኳቸው ብዬ ጨርቄን ማቄን ሳልል ወጣሁ። ለኃላፊው «አባቴ ታመዋል» አልኩና መናኸሪያ ሄጄ ቢቸና የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ደብረ ወርቅ ተሳፋሪ ለማውረድ ስንቆም ከቢቸና የመጣ ሌላ ሚኒባስ ጎናችን ቆሞ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጥሪውን እሰማለሁ።

ቤታችን ስደርስ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ደወልኩ፤ ስልኩ ከውስጥ ይጮኻል። ቁልፉን እያየሁት በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ጎረቤታችን የሆኑት እናት ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አሉና አዩኝ፤ የያዙትን ሰፌድ ጣሉት።

«በስመ አብ ወወልድ! አለሽ?»

«አባባስ?»

«አንቺን ሊቀብሩ ሞጣ ሄዱ እንጂ!» ብለው ራሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። «ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የወጡ። ኧረ የፈሩት ይደርሳል፣ ክፉ አያስቡ ብላቸው ማን ይስማኝ። ‹አነሳችው እኮ፣ እያለቀሰች አነሳችው› ይላሉ። ስልኩንም ጥለውት ነው የሄዱ።»

መሳቅ ነበረብኝ መሰለኝ፤ አልሳቅሁም። ደህና ነኝ ብዬ ላሳውቅ ብል የምደውልበት የለኝም። የጤና ጣቢያው ሰዎች ቁጥር ያለው አሮጌው ሲም ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ሞጣ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እነሱ ይደውሉልኝ ይሆን ብዬ ስልኩን አየሁት። ወዲያው ግን መልሱን አወቅሁት፤ አዲሱን ቁጥሬን ማንም የለውም። ወር ሙሉ ለማንም የምደውልበት ጥቅል ይዤ አጥር ሥር ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። ጎረቤታችን ውሃ አጠጡኝና በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሞጣ ደረስኩ። አባባ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አቅንተውታል። በሕይወት መኖሬን ዘበኛው ገና በር ላይ ነግሯቸው ኖሯል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው፤ እኔ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ከዘበኛው ጀምሬ እስከ ኃላፊው ድረስ ቁጥሯን ስጡኝ አልኳቸው» አሉ ቀስ ብለው። «አሮጌውን ይሰጡኛል። እሱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። አዲሱን የያዘ አንድ ሰው ጠፋ። ከቀየርሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«አሥር ቀን።»

«አሥር ቀን ሙሉ ስልክሽ የት ገባ ያለሽ የለም?»

«የለም።»

አባባ ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት። ነጭ ጋውን የለበሱት ባልደረቦቼ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ የፋርማሲዋ ባልደረባዬም በመስኮት ሆና አየችንና እጇን አወዛወዘችልኝ።

«ይህን ሁሉ ሰው ይዘሽ» አሉ።

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። «ብቻዬን ነኝ አባባ። ያነሳሁት ለዚያ ነው። ሌላ ምንም አልሆንኩም፤ ብቻዬን ነኝ» አልኩና ሰው ያየኛል ሳልል አለቀስኩ። አባባ አላባበሉኝም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው እስኪወጣልኝ ጠበቁ። ቆይቶ፣ እንባዬን ስጠርግ፣ መጠየቅ ያለብኝ ነገር ገና ያኔ ትዝ አለኝ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

 የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲያሻሹ ቆዩ።

«እናትሽ ከሄደች ወዲህ ራቴን የምበላው ቆሜ ነው» አሉ። «ከተቀመጥሁ የእሷ መቀመጫ ፊት ለፊቴ ይሆናል። ባዶውን እያየሁ አይወርድልኝም።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ቆመው?» ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሮ ሕመምተኞቹ ዞረው አዩን። «ታዲያ ለምን አይነግሩኝም አባባ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አሉ።