የውስጡ ጎማና የእናቴ እጅ

ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብሁ፣ አንዴም በሎሚ አሸሁት፤ አልለቅም አለ። እናቴ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችኝ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ግቢዋ ውስጥ ጄሪካን አዘንብዬ እጄን እፈትጋለሁ፤ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋሁት ቁጥር ያ የጎማ፣ የግራሶ፣ የእበትና የሰነበተ ሽንት ድብልቅ ቀድሞኝ ይጠብቀኛል። ኤጭ! ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ልጆች የዳርሁ ሰው ነኝ፤ ከእንዲህ ያለ ነገር በጊዜ ያመለጥሁ መስሎኝ ነበር።

የምነዳው የሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ የባልና የሚስት መኪና ነው፤ መኪና ከማለት ቤት ማለት ይቀላል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሽንት ቤትም አለው። የኋላ ጎማው እንደ አውቶቡስ ጥንድ ጥንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ከግሽ ዓባይ ስንመለስ ቡሬ ላይ ወርጄ ባይ፣ በግራ በኩል የውስጡ ጎማ ንፋሱ ወርዷል። የውጪውን ማንም ይሞላዋል፤ የውስጡ ንፋስ መሙያ ግን፣ ያቺ ጣት የማታህል ቫልቭ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተደብቃ ነው ያለችው፤ የሚደረስባትም በውጪው ጎማ ብረት፣ በቸርኬው ቀዳዳ እጅን አሾልኮ፣ ሳያዩ፣ በዳሰሳ ብቻ ነው። ሰው የሚቀመጥበትን ቦታ እንዲያ አሳምሮ ያሰበ መሐንዲስ ለአንዲት እጅ ማለፊያ እንዴት ያጣል? በሆዴ ተኝቼ ብገፋው ብገፋው እጄ አንጓው ላይ ተቀረቀረ፤ ጣቶቼ የነኩትም ቫልቩን ሳይሆን አንድ እርጥብ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት የሚያመልጥ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ አልመረመርሁም። የቡሬው ጎሚስታ እየሳቀብኝ የውጪውን ጎማ ፈትቶ ሞላልኝ፤ ሽታው ግን አብሮኝ መኪናው ላይ ወጣና፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንወርድ እኔን ይዞኝ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

አባቴ አያ ታደለ በዚችው ከተማ መናኸሪያ ደጃፍ ጎሚስታ ነበር። መዳፉ ሰፊ፣ ጣቱ ወፍራም፣ በቸርኬ ቀዳዳ የማያልፍ፤ እኔ አሁን የያዝሁት እጅ የእሱ ነው። የአውቶቡስ የውስጥ ጎማ ሲጎድል ደንቡ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ፣ የውጪውን ማውለቅ ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፤ ተሳፋሪው ባሕር ዳር ሳይመሽብን እንግባ እያለ ይጮኻል፣ ሾፌሩ ይሳደባል፣ አባቴም ቀና ብሎ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤታችን ይጣራል፦ «ስመኝ! ኧረ እጅሽን ይዘሽ ነይ!»

ስመኝ እናቴ ናት፤ እኛ እናና እንላት ነበር። እጇ እንደ ሕፃን እጅ ቀጭን፣ አንጓዋ ልስልስ ነበር። የያዘችውን ትታ ትመጣና መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ትንበረከካለች፣ ጉንጯን ከዚያ ከቆሸሸ ጎማ ታስደግፋለች፣ ዓይኗን ጨፍና እጇን እስከ ብብቷ ትሰደዋለች። ክዳኑን በሁለት ጣት ትፈታለች፣ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ታስይዛለች፣ ሲሞላ ትነቅላለች። ይህስ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን ቫልቩ ንፋስ እንደማያፈስ ለማወቅ ጣቷን ምራቋን አስነክታ እንደገና ትሰዳለች፤ ምራቁ አረፋ ከሠራ ያፈሳል ማለት ነው፣ እሷም ሳታይ በጣቷ ታውቀዋለች። ካላመነች ያንኑ ጣት፣ ያንኑ፣ መልሳ ምላሷ ላይ! እኔ እዚያ ቆሜ ምራቄን እተፋ ነበር።

በሁለቱ ጎማዎች መካከል ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ምሳ ያልበላችሁ በልታችሁ ተመለሱ። ጭቃውና እበቱ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። ጠመዝማዛውን መንገድ ያልቻለ ተሳፋሪ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚያስታውከው ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው እዚያ ነው። ደግሞ ከደምበጫ ወዲህ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወንዱ ሁሉ ዘሎ ወርዶ የሚሸናው የኋላ ጎማ ላይ ነው፤ ሜዳው ሁሉ ሞልቶ ጎማው ምን እንደበደላቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንድ ቀን እናና ከዚያ ውስጥ የዶሮ እግር አወጣች፤ ዶሮዋን ቢፈልጓት አልተገኘችም። ሾፌሮቹ ሲስቁ እሷም ሳቀች። እኔ ሁለት ቀን ሥጋ አልቀመስሁም።

ቤት ስትገባ በአመድ ትታጠባለች፣ በእንዶድ ትደግማለች፣ በሎሚ ቅጠል ትጨርሳለች፤ ሽታው ግን ከጥፍሯ ሥር አይነቀልም። እኔ ደግሞ ተጠያፊ ልጅ ነበርሁ፤ ወጥ ውስጥ ፀጉር ፈልጌ የማገኝ፣ ሰው የጠጣበትን ጣሳ አገላብጬ የማይ። ስታጎርሰኝ ትንፋሼን ይዤ ሳላኝክ እውጥ ነበር። ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ክርስትና ተነሣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ኮርቼ ተቀምጫለሁ፤ ሸሚዙንም ያለበሰኝ ያው እጅ እንደሆነ ያኔ ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። ገና እንጀራው ሲቀርብ የአባቴ ጥሪ መጣ፤ እናና ሄደች። ስትመለስ እጇን እንደ ልማዷ ታጥባ፣ ውሃው ገና ከክርኗ እየተንጠባጠበ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ መጣች። ከዶሮው መልካም መልካሙን መርጣ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ፣ ዝቅ ብላ ወደ አፌ ዘረጋች። አንዱ ጓደኛዬ አፍንጫውን ያዘ። እኔም ፊቴን አዞርሁና ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ «አልፈልግም! እጅሽ ሽንት ሽንት ይላል!» አልሁ።

ልጆቹ ሳቁ። እትዬ ጥሩነሽ «ኧረ በስመ አብ! እናት ይጠየፏል እንዴ?» ብለው አማተቡ። እናና አልተቆጣችም፤ ፈገግ እንዳለች የተዘረጋውን እጇን ቀስ ብላ መለሰችና ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ስታኝከው በጣም ቆየች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አጉርሳኝ አታውቅም። እህቶቼን ታጎርሳለች፣ እንግዳ ታጎርሳለች፤ ለእኔ ትሪውን ወደ ፊቴ ገፋ ታደርግልኛለች። በሠርጌ ቀን እንኳ ሙሽራዬን አንድ ያጣላል ብላ ሁለቴ አጎረሰቻትና፣ ለእኔ ተራው ሲደርስ ጉንጬን ስማኝ አለፈች። ቂም ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ፤ ቂም በሽማግሌ ይታረቃል። እሷ ግን እኔን እንዳታስጠይፍ መጠንቀቋ ነበር እንጂ ቂም አልያዘችም። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ እያልሁ፣ ፋሲካ በፋሲካ ላይ እየተደረበ፣ አፌን ሳልከፍት ሸበትሁ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። የእናና ጣቶችም በቁርጥማት ተጣመው፣ ጎማ ከነኩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬ ፈረንጆቹን ሆቴል አድርሼ ስመጣ ሽሮዋን ፈትፍታ ነው የጠበቀችኝ። ከጄሪካኑ ተመልሼ ትሪው ፊት ተቀመጥሁ፤ እጄን ወደ ፍትፍቱ ልሰድ ስል ያ ሽታ መጣብኝና ሰበሰብሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አርባ ዓመት ያላልሁትን አልሁት፦ «እናና፣ አጉርሺኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን አየችው። ግድግዳውን ይዛ ተነሥታ ወጣች፤ ጄሪካኑ ሲንጎዳጎድ፣ ሳሙናው ከእጇ ወድቆ ስታነሣው፣ እንደገና ስትታጠብ፣ እንደገና ውሃ ስታፈስስ እሰማ ነበር። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደራረቀችው፣ ወደ ፍትፍቱም ዘረጋችው። ጣቶቿ እንጀራውን ሳይነኩ ቆሙ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አሸተተችው።

«ተው ልጄ፣ ይሸታል» አለችኝ። «ማንኪያ ላምጣልህ።»

እጇን ይዤ አሸተትሁት። ሳሙና ብቻ ነው የሚለው። አገላብጬ፣ እንደ ልጅነቴ ከጥፍሯ ሥር ሳይቀር ፈለግሁ፤ ጎማም፣ ግራሶም፣ ምንም የለበትም። የሚሸተው የእኔው ነበር። «አይሸትም፣ እናና፤ ምንም አይሸትም» አልኋት። «ደግ ነህ» አለችና እጇን ከእጄ ቀስ ብላ አውጥታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ማንኪያውን አመጣችልኝ፤ በእሱ በላሁ።