ቀሚስ ለብሼ ስንዴ የገባሁበት ቀን

ባለፈው እሑድ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር አደይ አበባ ስትለቅም ውላ ስትመጣ ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ቢጫ ሆኗል። በሩ ላይ አስቆምኳት። «አባዬ፣ አደይ እኮ ነው» አለችኝ። መሆኑን አውቄያለሁ። ልቤ ግን ደንግጧል፤ መስከረም በመጣ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል።

ብቸና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የእርሻ ክበባችን ከሞጣ ተማሪዎች ጋር በሰብል አሰሳ ይወዳደር ነበር። ሥራው ማሳ ገብቶ ቅጠል እያገላበጡ ተባዩንና በሽታውን ለይቶ በተሰጠው ሰዓት ለመምህራን መናገር ነው። ሞጣዎች ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ ማሳቸው ወስደው አሳፍረውናል። ስለዚህ ያን ጠዋት በኪሳችን የያዝነውን የሽምብራ ቆሎ እንኳ የሚቆረጥም አልነበረም።

የመጀመሪያው የስንዴ ማሳ ቢጫ ዋግ የሚባለው በሽታ ይዞታል። ቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰደረ ብናኝ አለ፤ በጣት ሲነካ እንደ እርድ ያቀልማል። ሁለታችንም ለየነው፤ ሞጣዎች ግን በትንሽ ነጥብ በለጡን። የቀረው የእትዬ ዘነቡ ማሳ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያች ማሳ ሌላ የሌላቸው ሴት ናቸው። ስንዴያቸው ለምለም ነው፤ አጥሩን ከፍተው ይጠብቁናል።

እየሮጥን ሳለ ሱሪዬን አየሁት። ቢጫ ነው። የሁሉም ሱሪ ቢጫ ነው፤ በመስከረም ቢጫ የማይሆን የማን ሱሪ አለ? ሌሎቹ ጠዋት የመጡበት መንገድ ግራና ቀኙ አደይ ነው። እኔ ግን አርፍጄ በግጦሹ አቋርጬ ነበር የመጣሁት፤ አደይ የሚባል አልነካኝም። ታዲያ ይህ ቢጫ ከዋጉ ማሳ የያዝነው ብናኝ ነው። አጥሩ በር ላይ ቀድሜ ደርሼ እጄን ዘረጋሁ።

«አትግቡ፤ የለበስነው ዋግ ነው» አልኩ።

የሞጣው አለቃ ይበልጣል፣ አደይ ነው ብሎ ሳቀ። የኔዎቹ አበድክ ወይ ብለው ጎተቱኝ። መምህራችን ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን፣ ያልገባ ቡድንም ነጥብ እንደማያገኝ አስታወቁ። እጄን ግን አላወረድኩም። ከተሳሳትኩ ብቸናን ያስሸነፍኩት እኔው ነኝ፤ ካልተሳሳትኩ ደግሞ የእኚህን ሴት የዓመት ቀለብ የሚጨርስ በሽታ በሱሪያችን ተሸክመን ልናስገባባቸው ነው።

እትዬ ዘነቡ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሱሪዬን አዩ። ቤት ገብተው አንድ ያረጀ ቀሚስ ይዘው ተመለሱ።

«እንግዲያ ያንን አውልቅና በዚህ ግባ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ይበልጣል ቀሚስ ለብሶ ሞጣ እንደማይመለስ ምሎ ውጭ ቀረ፤ እትዬም በሩን ይዘው ስለቆሙ ሌላ ማንም አልገባም። መምህራችን ግን ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ሱሪ በጣታቸው ሲነኩ አይቻለሁ። ከቁጥቋጦ ጀርባ ቀየርኩ፣ እጅና እግሬን ታጠብኩና ገባሁ። ፊቴ እሳት ሆኗል። ቅጠል በቅጠል አየሁ፤ ዋግ የለም። ስወጣ ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ዋንጫው ሞጣ ሄደ። እኔም ትምህርት እስክጨርስ «ባለቀሚሱ» ተባልኩ።

በዚያ ዓመት ጎረቤት ያለው ስንዴ ገለባ ሆኖ ሲቀር የእትዬ ዘነቡ ተወቃ። ዋግ በነፋስም ይሄዳልና ቀሚሱ ነው ያዳነው ብዬ አልምልም። እትዬ ግን ይምሉ ነበር። ቀሚሱን አጥሩ በር ላይ ሰቀሉት፤ የግብርና ባለሙያም ቢመጣ ሳይለብሰው አያስገቡትም ነበር።

ይህን ስነግራት ልጄ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ «አፍረህ ነበር?» አለችኝ። አዎ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ነገር ግን ከማሳው ስወጣ ጎንበስ ብዬ የቀሚሱን ጠርዝ አይቼዋለሁ። ስገባ እንደነበረው ንጹሕ ነበር።