የበሽታ ግብር

ጫማ ሰፊው በሰፈሩ የሚታወቀው በወስፌው ሳይሆን በምላሱ ነበር። ውሃ ቢጠፋ እሱ ይናገራል፣ መንገድ ቢቆፈር እሱ ይናገራል። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ መሪዎቹ እጁ ሲወጣ እንዳላየ ሆነው ጣራ ጣራውን ያያሉ፤ ሕዝቡ ግን «ለጠበቃው ዕድል ይሰጠው» እያለ ያስቸግራቸዋል። አዎ፣ ቅጽል ስሙ ጠበቃው ነው። ሕግ ቀርቶ የቤት ኪራይ ውሉን እንኳ አንብቦ አያውቅም።

አምና ስለ ጤና መድኑ ማሻሻያ ስብሰባ ሲጠራም ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። ከበላይ የተላከው ኃላፊ ነገሩን አስረዳ። ከእንግዲህ ትልልቁን ሕክምና ሁሉ መድኑ ይሸፍናል፤ ነገር ግን መዋጮው ከድሮው እጥፍ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ቤተሰብም በዓመት አንዴ ባንድ ላይ ይከፍላል። አገልግሎቱ የሚጀመረው ደግሞ ከሰፈሩ ቤተሰቦች ግማሹ ከፈረሙ ብቻ ነው። ኃላፊው ንግግሩን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ሲደመድም ጠበቃው ብድግ አለ።

«ድሩ እኛ መሆናችን ገብቶኛል፤ አንበሳውን ግን እስካሁን አላየሁትም» አለ።

ሳቁ ሳይበርድ ከኋላ የተቀመጠውን ጫኝና አውራጅ በእጁ ጠቆመ። «ያ ሰውዬ ሦስት ልጆች አሉት። ጫማውን ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ ጠግኜለታለሁ። እሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ጫማው ነው። ድሀው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ላልታመመ ሰው የበሽታ ግብር የምታስከፍሉት በምን ሒሳብ ነው?»

በቃ፣ አለቀ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኑን በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ፤ «የበሽታ ግብር» ሆኖ ቀረ። የፈረሙት ከሩብ አልበለጡም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሰውየው አልዋሸም። ጫማ ሰፊ የሰው ኪስ ሲጎድል ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል። ሰው ያጣ ለታ ፊቱን ይላጫል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ሶሉን ግን ምን ያደርገዋል? መዋጮው ለብዙዎቹ ከአቅም በላይ እንደነበር ጠበቃው አሳምሮ ያውቅ ነበር። ያላወቀው ሌላ ነገር ነው። ሚስቱ እግሯ እያበጠ የጫማዋን ተረከዝ እየረገጠች መሄድ ከጀመረች ሁለት ወር አልፏት ነበር። የሰፈሩን ጫማ ሁሉ ገልብጦ የሚያይ ሰው የገዛ ሚስቱን ጫማ ሳያይ ቀረ። እሷም አልነገረችውም። ከስብሰባው ሲመለስ ብቻ «አዳራሹን በሳቅ ገደልከው አሉ» አለችው። «የሚታመም ሰው ግን በሰፈሩ የለም?»

«አንቺ ደግሞ ሟርት ትወጃለሽ» አላት።

ከስብሰባው በኋላ በአራተኛው ወር ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መድከማቸውን ነገራቸው። በሳምንት ሁለቴ እጥበት ያስፈልጋታል፤ እጥበቱ ከቀረ መኖር የለም። መጀመሪያ የስፌት መኪናው ተሸጠ፣ ቀጥሎ አልጋው። ወንድሟም የቻለውን ያህል ሲረዳ ቆይቶ በመጨረሻ ስልክ ማንሳት አቆመ። ጠበቃው ቆዳውን በእጁ እየሰፋ፣ ጣቱን እየወጋ፣ ያገኘውን ሁሉ ለሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ማስረከብ ሆነ ሥራው። እጥበቱን መድኑ እንደሚሸፍን የነገረችው ያችው ገንዘብ ተቀባይ ናት። «የእናንተ ሰፈር አልፈረመም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። አቀርቅሮ መልሱን ቆጠረ።

ዘንድሮ ፊርማው ለአንድ ቀን ብቻ እንደገና እንደሚከፈት ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰፈሩ ከፈረመ የመድኑ ሽፋን በሳምንቱ ይጀመራል ተብሏል። ቤቱ ውስጥ የቀረ የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ የሚቀጥለው እጥበት ከፊርማው በማግስቱ ነው፣ የሚከፈልበትም የለም። ሆስፒታሉ ግን የመድን ወረቀት ከመጣ እስከ ሳምንቱ በዱቤ እንደሚያስተናግዳቸው ቃል ገብቶላቸዋል። በፊርማው ቀን ሚስቱን ደግፎ አመጣትና ከአዳራሹ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጣት።

ውስጥ ክርክሩ ጦፏል። ጡረተኛው አስተማሪ «ዛሬ ካልከፈልን ነገ ቤታችንን ሸጠን ነው የምንከፍለው» አሉ። ባለሱቋ ሴትዮ ተነሥታ «ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ አለዎት፣ እኛ ምን አለን?» አለቻቸው። «ደግሞስ ጤና ጣቢያው መቼ መድኃኒት ኖሮት ያውቃል? ውጭ ግዙ ብሎ ወረቀት ነው የሚሰጠን። ለወረቀት ልክፈል?»

ብዙ ሰው አጨበጨበላት። ጠበቃው እጁን አወጣ።

«እኔ አምና ተሳስቼ ነበር» ብሎ ጀመረ።

ከኋላ አንዱ «ጠበቃው ደንበኛ ቀየረ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ደግሞ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብሎ ጨመረበት።

«ሳቁ፤ ይገባኛል» አለ። «ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው። ብቻ ፈርሙልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ባለሱቋ ዞራ አየችው፤ ክፉ ሴት አይደለችም። «ለእትዬ ሁላችንም አዝነናል» አለችው። «ግን አንድ ነገር ንገረኝ። አምና ድሀው ከየት አምጥቶ ይከፍላል ብለህ ነበር። ምኑን ነው የተሳሳትከው? መዋጮው ረከሰ?»

አልረከሰም። እንዲያውም ኑሮው ብሶበታል። ጠበቃው ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባይተርኩት ይሻል ነበር። ፊርማ ከሚሰበሰብበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እጅጌ እየያዘ ለመነ። ያኔ አንቱ ያስባለው አንደበት «እባክህ»ንና «እባክሽ»ን ብቻ ያውቅ ጀመር። አንዳንዱ ፈረመ። አንዳንዱ «ከባለቤቴ ጋር ልማከር» እያለ ሾልኮ ወጣ። ሁሉም በአጠገቡ ሲያልፉ ዓይኑ ሳያዘው ወደ እግራቸው ይወርዳል፤ ማን መክፈል እንደሚችል ማን እንደማይችል አንድ በአንድ ያውቃልና። የሚችሉትን አጥብቆ ለመነ። የሚችሉት ሲያልቁ የማይችሉትን ለመነ።

ፊርማው የሚዘጋበት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጫኝና አውራጁ ከሥራ እንደመጣ፣ ሲሚንቶው ከትከሻው ሳይራገፍ ገባ።

«ለእትዬ ስል ነው» አለ። «ልጄ የታመመ ጊዜ አዝላው የሄደችው እሷ ናት።»

ጠበቃው የሰውየውን ጫማ አየ። አንደኛው በገመድ ታስሯል። ይህን መዋጮ ከከፈለ ከሦስቱ ልጆች ቢያንስ ትልቁ ከትምህርት ቤት እንደሚቀር ያውቃል። ተው አትፈርም፣ ልጆችህን አስብ ማለት ነበረበት።

«እዚህ ጋ ነው» አለና ቦታውን በጣቱ አሳየው።

ጸሐፊዋ ሰዓቱ ሲሞላ መዝገቡን ከደነች። ሁለቴ ቆጠረች። ከግማሹ ሁለት ቤተሰብ ጎደለ።

«አምስት ደቂቃ ስጪኝ፣ እህቴ፤ ሮጬ ሁለት ሰው አመጣለሁ» አላት።

«ጋሼ፣ በእኔ እጅ ቢሆን አምስት ቀን እሰጥዎ ነበር» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልጅቷ ግን ሞኝ አልነበረችም፣ እንጀራዋ ነው። መዝገቡን ይዛ ከመነሳቷ በፊት ለቀሩት ሰዎች «የፈረማችሁት ተሰርዟል፤ የምትከፍሉት ነገር የለም» ብላ አስታወቀች።

ጫኝና አውራጁ ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀ። ደንግጦ ወዲያው ፊቱን ሊያጠቁር ሞከረ፣ ግን እፎይታው ቀድሞ ታይቶበታል። ጠበቃው ሊጠላው ፈለገ። አልሆነለትም፤ በእሱ ቦታ ቢሆን እሱም እንዲሁ ይተነፍስ ነበር።

ወደ ውጭ ወጣ። ሚስቱ አግዳሚው ላይ ጥላው እየሸሻት ፀሐይ መትቷታል። ቀና ብላ ፊቱን አየችና መልሱን ከዚያው አገኘችው።

«ብዙ ጎደለ?»

«ሁለት።»

ገበያ ለመሄድ አስባ እንደተወች ሴት፣ ረጋ ብላ፣ «እንግዲያ ነገ ሆስፒታል አልሄድም» አለችውና እንዲያነሳት እጇን ዘረጋችለት።