ወንዙን የተሻገሩና የቀሩ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ብሩክሊን ሴንተር

ልጄ ሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካን የሃይማኖት ታሪክ ትማራለች። ለጥናቷ ናቩ የምትባለውን፣ ኢሊኖይ ያለችውን የሞርሞኖች የድሮ ከተማ ማየት ነበረባት። የኔ መኪና ጋራዥ ስለገባች አክስቷን ለመነች። ያን ጠዋት ደጃችን የቆመው እንግዲህ የታላቅ እህቴ የእታለም ቫን ነበር።

ከእታለም ጋር ከተኮራረፍን ሦስት ወር ሆኖናል። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችንን የመሠረቱት ፓስተር ማን እንደሚተካቸው ሳይናገሩ በድንገት ዐረፉ። እህቴ «ልጃቸው ይምራን» ትላለች፤ እኔ ምክትላቸውን እደግፋለሁ። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «አገልግሎት እንደ ቤት ዕቃ ለልጅ አይወረስም፤ አንቺ ግን መቼ ይገባሻል!» አልኳት። ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ጌት ኢን» አለች ሊያ። ገብቼ ኋላ ተቀመጥኩ።

አይዋ

ወደ ደቡብ ወርደን አይዋ ስንገባ ከበቆሎ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። እታለም በመስታወቱ እንኳ ወደ ኋላ ሳታየኝ ድራይቭ ታደርጋለች። ሴዳር ራፒድስ አጠገብ ቤንዚን ልትሞላ ቆማ ሦስት የእንቁላል ሳንዱች ገዛች፤ የኔን በሊያ እጅ ላከችልኝ።

ከሰባት ሰዓት ጉዞ በኋላ ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር በሚያልፍበት የብረት ድልድይ ሚሲሲፒን ተሻገርን። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ሚኒያፖሊስ ላይ ይህንኑ ወንዝ በቀን ስንት ጊዜ እሻገረዋለሁ። እዚህ ግን ባሕር አክሏል። ማዶው ራሱ በጉም ውስጥ እንዳለ ነገር ነው። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ናቩ

ኮረብታው ላይ ነጭ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ቆሟል፤ ከሥሩ ወደ ወንዙ የሚወርድ ጸጥ ያለ መንገድ አለ። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ ተቀበሉን።

«የሞርሞኖች መሥራች የሆነው ነቢይና ወንድሙ እስር ቤት ሳሉ ሰዎች ሰብረው ገብተው ገደሏቸው» አሉን። «ማን ይተካው? አንዱ አማካሪው ነበርኩ አለ። ሌላው ከነቢዩ የተጻፈ የሹመት ደብዳቤ በእጄ አለ አለ። ልጁን የሚጠብቁም ነበሩ፤ ልጁ ግን ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ነቢዩ የሾማቸው የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አለቃ ሲናገር የሟቹን ድምፅ ሰማን ያሉ ብዙ ናቸው። አብዛኛው እሱን ተከተለ።»

እታለም ክንዷን አሻሸች። እኔንም ሰውነቴን ወረረኝ።

«ከዚያ በኋላ ጠላቶቻቸው ስላባረሯቸው በየካቲት ብርድ ቤታቸውን ጥለው በዚህ መንገድ ወረዱ። ወንዙ በረዶ ሆኖ ሲጠነክር ጋሪዎቹ በበረዶው ላይ ሄዱ።»

«ሚስቱስ?» አለች እታለም።

«እሷ ከልጆቿ ጋር ቀረች። ኋላ ልጁ አድጎ የቀሩትን መራ።»

«የእርስዎ ወገኖች ከየትኞቹ ናቸው?» አልኩ።

«ከሁለቱም። ቅድመ አያቴ ተሻገረ፤ ወንድሙ ቀረ። ሁለቱም ለልጆቻቸው የጻፉት ደብዳቤ ቤቴ አለ። አንዱ ለሌላው የጻፈው ግን የለም። ብዙ ፈለግሁ።»

ማስታወሻ ስትይዝ የነበረችው ሊያ መጻፏን አቆመች።

የነቢዩ መቃብር ወንዙ ዳር ነው፤ ከወንድሙና ከሚስቱ ጋር ተቀብሯል። ሊያ ፎቶ ልታነሳ ራቅ ስትል ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። የሄዱትም የቀሩትም ለዚህ ሰው እንዳለቀሱ አሰብኩ።

«ሁሉም እኮ ይወዱት ነበር» አለች እታለም፣ ዓይኗን ከድንጋዩ ሳታነሳ።

«እታለም፣ በሰው ፊት የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ።»

«በጣም ነው ያዋረድሽኝ» አለች። «ስመለስ መኪና ውስጥ አልቅሼ ነው ቤቴ የገባሁት።» ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «ቢሆንም ልጃቸው መምራት አለበት።»

«የለበትም» አልኩ። ሳቅ አመለጣት።

ቅዳሜ፣ መልስ

እዚያው አድረን ጠዋት ተነሣን። አይዋን እስክንወጣ ስንከራከር ነው የሄድነው፤ ሊያ እስኪሰለቻት ድረስ። ቤት የደረስነው አመሻሹ ላይ ነው።

ጉዞው ቤተ ክርስቲያናችንን አላዳነም። ድምፅ ሲሰጥ ምክትሉ ተመረጡ፤ የፓስተሩ ልጅ ደጋፊዎቹን ይዞ ሌክ ስትሪት አጠገብ አዳራሽ ተከራየ። እታለምም አብራቸው ሄደች። ሰው ልቡ ያመነውን ይዞ መሄዱን ማንም እንደማይከለክለው ያ የናቩ መንገድ አሳየኝ። ከኔ የሚጠበቀው ደጄን አለመዝጋት ነበር።

በተለያየን በመጀመሪያው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ደወልኩላትና ምሳ መጣች።

«ስብከቱ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ረዘመብኝ» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «የናንተስ?»

«የኛም ረዘመ።»