ሌሊቱን ሙሉ የበረረችው ሐያት

...ጭማቂዬን ሳልጨርስ «ቀበቶ እሰሩ» ያሉን ትዝ ይለኛል። ከካርቱም አዲስ አበባ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአየር ሁለት ሰዓት አይሞላም። አንዴ ሄጄበታለሁ። ለዚህ ነው ሐያት ስትደውል ግራ የገባኝ...

የሱዳን ጦርነት ገና አልመጣም። ሐያት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ አብራኝ የተከራየች ጎረቤቴ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ። በመተማ በኩል በጭነት መኪና ነው የመጣችው። አውሮፕላን የምታውቀው በግቢያችን ላይ ሲያልፍ ሆዱን አይታ ነው።

«ቲኬት ቆረጥኩ፣ አገሬ ልገባ ነው» አለችና እጇን ሂና ተቀባች። እኔም አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የልብ መድኃኒት እንድታደርስ ሰጠኋት። እዚያ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ያላት ሊያልቅ ነው።

ቀትር ላይ በሯን ቆልፋ፣ ሻንጣዋን ራክሻ በምንላት ባጃጅ ላይ ጭና ሄደች። ሲመሽ ልትቀበላት የወጣችው እህቴ ከቦሌ ደወለች። «ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ሐያት የምትባል አልመጣችም።»

በማግስቱ ጠዋት ሐያት ራሷ በኢንተርኔት ደወለች።

«እታለም፣ አብሽሪ! ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ ስንበር አደርን፣ ወላሂ። ወገቤ ተቆረጠ።»

 የምታውቀው የመኪናውን መንገድ ብቻ ነው... በረራውን በእሱ ለክታው ይሆን?

ድምጿ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ሌላው ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ልብስ የሚሰፉት፣ ፊታቸውን እየታጠቡ ሳቁ። «ምነው፣ ራክሻው ነው እንዴ እስከ ቦሌ የበረረው?»

እኔ አልሳቅኩም።

«መድኃኒቱስ?»

«አለ አለ። ዛሬ አደርሰዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ከድምጿ ጀርባ የሆነ ነገር ያስላል። የግቢያችን የውሃ ሞተር እንደ ጉንፋናም ሰው እያቆራረጠ ነው የሚሠራው። ከስልኩ ሳይሆን ከግቢው የሰማሁት ነው ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ወደ መንገድ ወጣሁ። ከኋላዬ ሞተሩ እየራቀ ሄደ።

ስልኩ ውስጥ ግን አልራቀም።

«እታለም... አለሽ?»

«አለሁ።»

ተመለስኩ። የሐያት በር ላይ ትናንት ተንጠልጥሎ የነበረው ቁልፍ የለም፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ስልኩን ዘጋሁ። ምን ብዬ እንደምጠራት አላወቅኩም። ማንን ነው የምትፈራው? እኔን? አገር ቤት የሚጠብቋትን?

አንኳኳሁ። ጋሽ ተፈራ ፎጣቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል።

«ሐያት... ምንም አልጠይቅሽም። መድኃኒቱን ብቻ። ሌላ መንገደኛ እፈልጋለሁ።»

 ሞተሩ ብቻ ያስላል።

በሩ በስንጥቅ ተከፈተ። ሂና የተቀባ እጅ ወጣ። ፌስታሉን፣ እኔ እንዳሰርኩት ታስሮ፣ ደፉ ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

በሩ ተዘጋ።