ሦስተኛው ፊርማ

እህቴ የደወለችልኝ አንድ የጥር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ዙሪክ በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎቼ ወጥተው ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር። እሷ ጄኔቭ ከአባታችን ጋር ትኖራለች፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አሜሪካ ላሉ ስድስት ኮሌጆች አመልክታ መልስ የምትጠብቀው ለመጋቢት መጨረሻ ነበር።

«ስሚ» አለችኝ። «አንደኛ ምርጫዬን ወደ ኧርሊ ዲሲዥን መቀየር ትችያለሽ ተባልኩ። መልሱ በሦስት ሳምንት ይመጣል። ግን ሰኞ ሚዲ ላይ ይዘጋል፣ ልክ በስድስት ሰዓት።»

«ማን ማን ይፈርማል?»

«እኔ፣ አባባና የትምህርት ቤቱ አማካሪ። አባባ ደግሞ እህትሽ መጥታ ካላስረዳችኝ ብዕር አልነካም ብሏል።»

እህቴ እዚሁ ስለተወለደች አባታችንን አንተ ትላቸዋለች። እኔ እስከ ሰባት ዓመቴ አዲስ አበባ ስላደግሁ አልደፍርም።

ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ እወደዋለሁም። ክፍል ውስጥ ብሳሳት በማግሥቱ «ትናንት የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም» ብዬ አስተካክላለሁ። ይህን ብሳሳት ግን ማግሥት የለውም። ውሉ ግልጽ ነው፦ ኮሌጁ ከተቀበላት ሌሎቹን አምስት ማመልከቻዎች ትሰርዛለች፣ ትሄዳለች። የመግባት ዕድሏ ከፍ ይላል ይባላል፤ የተሻለ ድጎማ የሚሰጣት ሌላ ኮሌጅ ቢኖር ግን ማወዳደር አትችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርበት ከአድሊስቪል ተነሥቼ ባቡር ያዝኩ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እንደ ልማዴ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩና በአንድ በኩል «መቀየር የሚጠቅመው»፣ በሌላው «የሚጎዳው» ብዬ ጻፍኩ። ሎዛን ስንደርስ ሁለተኛው ሞልቶ ነበር። መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ። «ብትታመም ማን አላት?»፣ «አባባ ብቻቸውን ይቀራሉ»፣ «እኔስ?» የሚሉ ሁሉ ገብተዋል። ሰረዝኳቸው።

አባቴ ጄኔቭ ሰርቬት ሰፈር ያለው ቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ውጭ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ መስኮቱን ይደበድባል።

«በሉ አስተማሪዋ መጣች፤ ጸጥ እንበል» አሉ።

«ቀላል ነው አባባ» ብዬ ጀመርኩ፤ ቀላል አልነበረም። «እስካሁን ያደረገችው ልጅ እንደ ማጠያየቅ ነው። ስድስት ቤት ይጠየቃል፣ እሺ ካሉት አንዱ ይመረጣል። ይኼኛው ግን ቀለበት ማሰር ነው። እሺ ካሉ አለቀ።»

ፊታቸው በራ። «እንዲህ አትይኝም ታዲያ! ቀለበትማ ይመለሳል። ካልተስማማን ሽማግሌ እንልካለን።»

«የት ነው የምትልከው? ኮሌጁ ያለበት፣ ቦስተን?» አለች እህቴ።

«ቦስተን የደብሩ ሰዎች የሉም? ሁለት ጠና ያሉ ሰዎች ነጭ ለብሰው ቢሮው ደጃፍ ቢቆሙ ማን ጨክኖ ይመልሳቸዋል?»

እህቴ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አባቴ ግን እየቀለዱ አልነበረም። ከደረት ኪሳቸው ብዕር አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ። ሊፈርሙ ነው፤ ያውም በእኔ ምሳሌ ተማምነው!

«ይቆዩ አባባ!» ድምፄ ጮኸ። «ምሳሌዬ ልክ አይደለም። ሽማግሌ የሚባል ነገር የለም። ድጎማው ካልበቃን በቀር አይለቋትም።»

ብዕሩን አስቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጹን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ።

«ይኼ ሦስተኛው ፊርማ የአማካሪዋ ነው አላችሁኝ?»

«አዎ።»

«ልጅቷ ተቀብለዋት ሳትሄድ ብትቀር፣ ሴትዮዋን ምን ያደርጓታል?»

ይህን ወረቀቴ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። «እሷን ምንም። ግን ኮሌጁ ትምህርት ቤቱን ሁለተኛ ላያምነው ይችላል። ከእህቴ በኋላ ለሚያመለክቱት ልጆች ይከብዳል።»

«ዋስ ናታ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩን። «እኔ እዚህ አገር ለሥልጠና ስመጣ ጨርሼ እመለሳለሁ ብዬ ፈርሜ ነው። ከሥሬ ዋስ ሆኖ የፈረመው የቢሮ ጓደኛዬ ነበር። ብዕሩን ስይዝ እንደማልመለስ አውቅ ነበር። እሱ እዚያ ቀርቶ በእኔ ፋንታ ሲጠየቅ ኖረ። ልጁን ሲድር አልነገረኝም። እናቱ ያረፉ ጊዜ ደወልኩ፤ ድምፄን ሲሰማ ዘጋው።»

አባቴ ወደ እህቴ ዞሩ። «አንቺ ስትፈርሚ እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ?»

እህቴ ስለ ኮሌጁ መናገር ጀመረች፤ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ መምህራኑ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ እየቀላቀለች። መሐል ላይ አቆመች። «አላውቅም» አለች። «የምፈልገው መጠበቁ እንዲያልቅልኝ ነው። በጣም ነው የምፈራው።»

«እንግዲያው አትፈርሚ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይበልጥ ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ለእሷ ይሁን ለራሴ መለየት አቅቶኛል። «እኔን አትስሚኝ» አልኳት። «እንድትሄጂ አልፈልግም። ስለዚህ ለዚህ ነገር ጥሩ መካሪ አይደለሁም።»

«ይኼን ለማለት ነው ከዙሪክ ድረስ የመጣሽው?» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

አባቴ ቅጹን አጥፈው ሰጧት። «እስከ ሰኞ ያንቺ ነው። እሄዳለሁ ካልሽ አምጪው፣ ዓይኔን ሳላሽ እፈርማለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ክፍልፋይ ሳስተምር ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሦስቱንም ያረሙኝ ልጆቹ ናቸው። ስድስት ሰዓት አልፎ ስልኬ ሲጠራ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ።

«አልቀየርኩትም» አለች። «ትናንት ፕላንፓሌ አደባባይ ትራም ስጠብቅ ሌላኛው ኮሌጅ ቢቀበለኝስ ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ። ሌላ ቤት እያሰቡ ቀለበት አይታሰርም፣ አይደል? መጋቢት ላይ ሁሉም እምቢ ካሉኝ ግን አንቺን ነው የምወቅሰው።»

«ውቀሺኝ።»

«እወቅስሻለሁ ስልሽ!»

አሁን የካቲት ነው። በየቀኑ ወደ ማታ፣ ባቡር ስጠብቅ ትደውልልኛለች፤ የኢሜይል ሳጥኗን ብቻዋን መክፈት አትወድም። ስትከፍት ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ። «ምንም የለም» ትለኛለች። ትንፋሼን እለቅና ስለ ምሳዋ እጠይቃታለሁ።