የጠረግኳቸው ኮከቦች

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ስካሬን እዘረዝርላቸዋለሁ። ይህችን ግን ምላሴ ላይ ስትደርስ እውጣታለሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው ያሰናብቱኛል። ያልሰሙትን እንዴት ይፍቱት? እናንተ የምታነቡት ግን ስሙኝ። ሊያጽናናኝ የተዘጋጀ ሰው ካለ ከአሁኑ ገጹን ይዝጋ፤ ማጽናኛ አልፈልግም።

ሸዋ ሮቢት የተመደብኩት የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ነው። የደጋ ሰው ነኝ፤ ሙቀቱን ጠላሁት፣ ወባውን ፈራሁት፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የማስበው ስለ ዝውውር ብቻ ነበር። ዝውውር ደግሞ ያለ ጥሩ የሥራ አፈጻጸም ውጤት አይገኝም። ይህን የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። በምን ዋጋ እንደተሸጥኩ እንድታውቁ ነው።

በግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መስማት የተሳናቸው ዘጠኝ ልጆች ይማሩ ነበር። መምህራቸው ሰዓዳ ራሷም አትሰማም። የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ጆሮዋ የተዘጋው በሕፃንነቷ ታማ ነው። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ የምልክት ቋንቋን በወረቀት ላይ መጻፍ ተምራ መጣች። የአማርኛ ትርጉሙን አይደለም የምላችሁ፤ ራሱን ምልክቱን። የእጁ ቅርጽ ይሣላል፣ የሚሄድበት አቅጣጫ በቀስት ይታያል፣ እጅ ገላን በሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ትንሽ ኮከብ ትቀመጣለች። ማንበቡን የተማረ ልጅ ገጹን አይቶ ምልክቱን በእጁ ይሠራዋል። ሰዓዳ በዚህ ዓይነት ሦስት ወፍራም ደብተር ሞልታ ነበር፤ ዓመታት ፈጅቶባታል።

እያንዳንዱ ምልክት የኮምፒውተር ምስል ሆኖ በሲዲ ይሰራጭ ብሎ የዞኑ ትምህርት መምሪያ አዘዘ። ምስልን ማንኛውም ኮምፒውተር ይከፍተዋል፤ ደብረ ሲና ያለ መምህርም አጣዬ ያለ መምህርም አትሞ ለልጆቹ ይሰጣል። ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ደስ አለኝ፤ በውጤቴ ላይ የሚጻፍልኝ ነገር ነዋ።

ሰዓዳ ደብተሮቹን ስታስረክበኝ አንድ ቁራጭ ወረቀት ጨመረችልኝ። "ኮከቦቹን አደራ። እጅ የት እንደሚያርፍ የሚናገሩት እነሱ ናቸው" ይላል። አነበብኩት። አላነበብኩም ማለት በቻልኩ። አንብቤ፣ ራሴን ነቅንቄላት፣ ወረቀቱን በመጀመሪያው ደብተር ውስጥ ሸጎጥኩት።

የሸዋ ሮቢት አቧራ ገጾቹን ወደ ኮምፒውተር በማስገባበት ስካነር መስታወት ላይ ተኝቶ እያንዳንዱን ገጽ ጠቃጠቆ አለበሰው። ገጽ በገጽ ቁጭ ብሎ አቧራውን ከኮከቡ መለየት ያስፈልግ ነበር። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። እኔ ላቤ ወረደ፣ ሰለቸኝ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ በሙሉ የሚያጠፋውን ትዕዛዝ በሁሉም ፋይሎች ላይ ባንዴ ለቀቅኩት። በግማሽ ቀን አለቀ። ገጾቹ ንጹሕ ሆኑ፤ ኮከቦቹም ከአቧራው ጋር አብረው ጠፉ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የሰውን ቋንቋ ከአቧራ ቆጥሬ ጠረግኩት። ሰዓዳ ከመላኩ በፊት ልየው ብላ ስትጽፍልኝ፣ ሳይላክ "ተልኳል" ብዬ መለስኩላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሱፐርቫይዘር ሲዲውን አይቶ ሪፖርት ጻፈ። ምልክቶቹ ጎደሎ ናቸው፣ እጁ አየር ላይ ይቀራል፣ ያዘጋጀችው መምህርት ቋንቋውን አታውቀውም አለ። ነገሩ ለግምገማ ቀረበ። ግምገማን ለማያውቅ ልንገረው፤ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ አንዱ አንዱን ይተቻል፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ ተነሥቶ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል። ግለ ሂስ ይባላል።

ክሱን ጽፌ ለሰዓዳ እንዳሳያት የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጆቹን የሌለ ነገር አስተምረሻል ብዬ ጻፍኩ፤ በእጄ፣ በንጹሕ ጽሕፈት። እሷም ከሥሩ "ደብተሬን አምጡና ከሲዲው ጋር አስተያዩት" ብላ መለሰች። ርዕሰ መምህሩ አነበበውና ወደ እኔ ዞረ።

"ደብተሩስ የት ነው፣ መምህር?"

"ለእሷ መልሼላታለሁ" አልኩ።

ደብተሮቹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰዓዳ አፌን ታይ ነበር፤ ከከንፈር ማንበብ ትችላለች። ብድግ ብላ በእጆቿ ብዙ ተናገረች። በዚያ ሁሉ መምህር መሃል የገባው ሰው አልነበረም፤ አንዳንዱም ሳቀ። እኔስ? እኔ ወረቀቴን አስተካክል ነበር።

ግለ ሂስ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ተነሥቼ "ሰኞ ሰኞ አረፍዳለሁ" አልኩ። ሰብሳቢው ስለ ግልጽነቴ አመሰገነኝ፤ በቃለ ጉባኤም ተያዘልኝ። ያን ቀን የተናዘዝኩት ይህን ነው! ማርፈዴን!

ሰዓዳ ከማስተማር ተነሥታ ንብረት ክፍል ተመደበች። ክፍሏ ተዘጋ። ዘጠኙን ልጆች ከሚሰሙት ጋር የኋላ ወንበር ላይ ደረደሯቸው፤ ፊደል ገና አልጨረሱም ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ አንድ በአንድ ቀሩ። እኔ ዝውውሬን አገኘሁ። ጣርማ በርን አልፌ ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ!

ደብተሮቹን ለምን ይዤ ሄድኩ? ትቻቸው ብሄድ ስለሚገኙ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዓመታት ካለፉ በኋላ አውጥቼ ኮከቦቹን አንድ በአንድ ወደ ምስሎቹ መለስኩ። ባለፈው ዓመት ደብተሮቹንና ፋይሎቹን የያዘ ፍላሽ ይዤ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ሰዓዳን ገበያ ውስጥ ማሾ ስትሸጥ አገኘኋት። የመጀመሪያውን ደብተር ስትከፍተው ያቺ ቁራጭ ወረቀት ወደቀች። አንሥታ አነበበቻት። እስክሪብቶ ጠየቀችኝና ከአደራው ሥር ጻፈችበት።

"ዘጠኙ ያውቃሉ?"

ወረቀቷን ለእኔ መልሳ ወደ ሚዛኗ ዞረች።

ከዘጠኙ ያገኘሁት አንዱን ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ ይሸከማል። ጎልማሳ ሆኗል። ፊቱ ቆሜ ጥፋቴን የጻፍኩበትን ወረቀት ዘረጋሁለት። አየው፤ ማንበብ አይችልም። በምልክት ልነግረው እጄን አነሣሁ፤ እኔም አንዲት ምልክት አላውቅም። ያን ሁሉ ገጽ ስነካካ አንዷን እንኳ አልተማርኩም። ሰውየው ፈገግ ብሎ የገባው መሰለውና ጎንበስ ብሎ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ እሱ አያነበውም። እንዳያነበው ያደረግኩትም እኔ ነኝ።